የመቀሱ መደብ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ካለ ዳንግላ ያለው ወርክሾፓችን ውስጥ ግራይንደሩና ብየዳው ስለሚጮኹ ሰው የሚናገረው አይሰማም፤ እኔ ደግሞ የምናገረው ባይሰማ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የወርክሾፑ ባለቤት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሠራተኞቹም ሥራ ስለፈቱ ጆሯቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

"እሺ መሐንዲሷ፣" አሉኝ ጋሼ፣ "መቀሴ ስንተኛ ወጣ?"

ስንተኛ ወጣ ተብሎ የሚጠየቀው ሰኔ ላይ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ተማሪ ነው። ጋሼ ግን መቀሳቸውን ትምህርት ቤት ልከው ውጤቱን እንደሚጠብቅ ወላጅ ሆነው ነበር የሰነበቱት።

ጋሼ በወጣትነታቸው በርና መስኮት ይሠሩ ነበር። ቀጥለው የሆስፒታል አልጋና የግሉኮስ መስቀያ መሥራት ጀመሩ። አሁን ደግሞ የቀዶ ሕክምና መቀስ፣ መቆንጠጫና የደም ሥር መያዣ ይሠራሉ። ናሙናውን ያዩ ሐኪሞች መቀሱን ከፍተው ዘግተው፣ ወደ ብርሃን አንሥተው፣ ጣታቸውን አስገብተው ሞክረው ወደውት ነበር። አንድ የአካባቢው ሆስፒታልም፣ "ይመዝገብና እንገዛለን፤ የምዝገባ ማመልከቻው እስከ ዓርብ መግባቱን ካላሳያችሁን ግን ለሌላ አቅራቢ እንሰጣለን" ብሎናል። በመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሳይመዘገብ ያ ያማረ መቀስ ጨርቅ እንጂ ሰው መቁረጥ አይፈቀድለትም። ለማመልከቻው የጎደለው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ መሣሪያው ለምን እንደሚያገለግልና በየትኛው የስጋት መደብ ውስጥ እንደሚገባ የሚገልጽ፣ በባለቤቱ ፊርማ የሚጸና ገጽ።

እኔ የዚያ ገጽ ባለሙያ ነኝ። የተወለድኩት እንጅባራ ነው፤ አባቴ እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚላት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማርኩ። ከተመረቅሁ በኋላ የሚጠገን ማሽን ያለው ቦታ ሁሉ "ልምድ አለሽ?" እያለ ሲመልሰኝ፣ "የጥራትና የምዝገባ ባለሙያ" የሚል ማዕረግ ሰጥተው፣ በብየዳው ክፍልና በመጋዘኑ መካከል ጠረጴዛ አስቀምጠው የተቀበሉኝ ጋሼ ብቻ ናቸው። ማዕረጉ ከጠረጴዛው ይሰፋል። ሥራውን ግን ወደድኩት፤ ደንብ ማንበብ ከሰው ጋር ከመነጋገር ይቀለኛል። ደንብ ዓይን ዓይኔን አያየኝም። "ምን አልሽ? ጮክ በይ" አይለኝም።

የመደብ ደንቡን ሳነብ የመጣብኝ ምስል በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚመረምር ጠንቃቃ አባወራ ነው። ወደ ሰው ገላ ትገባለህ ወይስ ውጭ ትቆማለህ? የምትገባው በተፈጥሮ በር ነው ወይስ ቆርጠህ? ምን ያህል ትቆያለህ? ኤሌክትሪክ ይዘህ ነው የመጣኸው? ልብ ወይም አንጎል ትነካለህ? አጥንት ውስጥ እንደሚቀር ብረት ገብቶ የማይወጣ እንግዳ ብዙ ያሰጋል። መቀስ ቆርጦ ይገባል፤ ይህ ከባድ ነው። ነገር ግን አይቆይም። ሥራውን ጨርሶ ይወጣል፤ ታጥቦ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ሌላ ቀን ይመለሳል። በደንቡ ዓይን እንዲህ ያለ ተመላላሽ ቤተኛ ነው። ስለዚህ ከአራቱ የስጋት መደቦች ዝቅተኛው ውስጥ ይገባል። ያው መቀስ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ቢሆን ኖሮ አንድ መደብ ከፍ ይል ነበር።

ሆድ የሚከፍት መቀስ "ዝቅተኛ ስጋት" መባሉ መጀመሪያ እኔንም አስቆኝ ነበር። ሆዱ የሚከፈተው ሰው አስተያየት የተጠየቀ አልመሰለኝም። ለእኛ ግን ከሰማይ የወረደ ነበር። ዝቅተኛ ከሆነ የሚጠየቀው ማስረጃ ወርክሾፓችን የሚችለው ነው፤ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እንደማይዝግ፣ እንዴት እንደሚታጠብ። ከፍተኛ ከሆነ ግን በሕሙማን ላይ እስከተደረገ ጥናት ድረስ ይጠየቃል። ያንን ከየት እናመጣዋለን?

የምሥራች ይዤ ነበር ማለት ነው። ችግሩ የምሥራቹን ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ።

"ዝቅተኛ የስጋት መደብ ውስጥ ነው ጋሼ" አልኩት ለጠረጴዛው።

"ጮክ በይ እንጂ።"

"ዝቅተኛ የስጋት መደብ!"

መብራት የለም። ድምፄ ብረቱን ሁሉ እየነካካ መጋዘኑ ድረስ ሄደ።

ጋሼ የያዙትን ጨርቅ አጠፉት። እንደገና አጠፉት። "ዝቅተኛ መደብ" አሉ ቀስ ብለው። የመሐሉን ቃል ጣሉት።

"ወድቀናል እንዴ?" አለ አንዱ በያጅ ከኋላ።

"አልወደቃችሁም፤ ጥሩ ነው" ለማለት አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

"የሠራነው አልጋስ የት ነው?"

"እሱም ዝቅተኛ ነው።"

"አልጋ ይተኙበታል። መቀስ ይቆርጣል። እኩል ናቸው?"

"እኩል ናቸው ጋሼ።"

"ፋሻስ?"

"እንደ ቁስሉ ነው። ለከባድ ቁስል የሚሠራው… ከመቀሱ ይበልጣል።"

"ጨርቁ ከብረቱ በለጠ!" ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። "ሌላስ ማን ይበልጠኛል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጠንቃቃነቴ ግን ያልተሟላ መልስ አይወድም። "ያ… የቤተሰብ ምጣኔው ዕቃ" አልኩ።

"የቱ ዕቃ?"

"የወንዶቹ።"

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልገባውም። ከዚያ በያጁ ላሜራው ላይ ተደፍቶ መሳቅ ጀመረ። "ኮንዶም! ኮንዶም በለጠዎት ጋሼ!"

"በስንት ነው የበለጠኝ?" አሉኝ ጋሼ። ፈገግታ የለም።

"በሁለት መደብ" አልኩ።

ጋሼ ከፊቴ ገጹን አነሡ፤ ብዕሬንም አነሡ። "መሣሪያው የሚያገለግለው" ከሚለው ቀጥሎ እኔ "ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና" ብዬ ጽፌ ነበር። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጨመሩበት፦ "ለልብና ለአንጎል ቀዶ ሕክምናም ጭምር።"

"አሁንስ?"

"አሁን… አራተኛው ነው። ከፍተኛው።"

"እንዲህ ነው እንጂ!" አሉና ሄዱ።

ሹመት እንዲህ ሲፋጠን አይቼ አላውቅም። መቀሱ ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ንቅንቅ ሳይል በአንድ መስመር ሦስት መደብ ዘለለ። የሚያሳዝነው ደግሞ ደንቡ ይህንን ይፈቅዳል። ደንቡ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ሠሪው መሣሪያውን ለምን እንዳሰበው ነው። ጋሼ ለአንጎል ካሰቡት የአንጎል ነው። እንግዲህ ማመልከቻው እንዲህ ሆኖ ከሄደ የአንጎል ማስረጃ አምጡ ይባላል፤ እኛ ደግሞ የለንም። መቀሱ ሹመቱን እንደያዘ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሆስፒታሉም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ወደ በርና መስኮት እንመለሳለን። በርና መስኮት ደግሞ የጥራትና የምዝገባ ባለሙያ አያስፈልገውም።

ረቡዕ በቃል መናገሩን ስላልደፈርኩ ጻፍኩላቸው። ዝቅተኛ የተባለው ለምን እንደሆነ፣ ልብና አንጎሉ ለምን መውጣት እንዳለበት አንድ ገጽ ከምናምን አብራርቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወደ መጋዘን ሸሸሁ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ግርጌው ላይ፣ "ጽሑፍሽ ያምራል። ዝቅተኛ የሚለውን አውጪው" ይላል።

ይዤው ሄድኩ። "ጋሼ፣ አነስተኛ ብንለውስ?"

"ጥቃቅንና አነስተኛ ተብዬ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። አልፈልግም።"

"መለስተኛ?"

"እሱ ትምህርት ቤት ነው።"

"እንግሊዝኛው እኮ በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው" አልኩ በመጨረሻ። "ደረጃ አንድ ነው የሚለው።"

ፊታቸው በራ። "አንደኛ ደረጃ!" አሉ ከመቀመጫቸው እየተነሡ። "ይኸው! ይህን ይዘሽ ነው እንዴ በፋሻ ስትሰድቢኝ የሰነበትሽ? ሰዎች፣ መቀሳችን አንደኛ ደረጃ ነው!"

በዚያች ቅጽበት ዝም ብል ኖሮ ይፈርሙ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ የቻልኩት ብቸኛ ሙያ ነው። ነገር ግን ሰውየው ምን እንደሚፈርሙ ሳያውቁ የፈረሙትን ወረቀት ይዤ ወደ ቤቴ መሄድ አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ጥርጣሬ እንጂ ድፍረት አያስተምርም ይሉኝ ነበር ቤተሰቦቼ፤ እኔ ግን ከጥርጣሬ የሚወጣ ትንሽ ድፍረት እንዳለ ያን ቀን አየሁ።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ የሚባለው… የሚቆጠረው ከታች ነው።"

"ከታች?"

"አዎ።"

"አንደኛ ወጥቶ መጨረሻ?"

"አዎ።"

ተቀመጡ። "እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የት ነው ያለው?" አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አላነጋገሩኝም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጓሮ ወጣሁ። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ለሠራተኞች ምሳ ድንች እየላጡ ነበር። ከወርክሾፑ ሰው ሁሉ ለእኔ የሚቀሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የእኔንም ድርሻ ስለሚያወሩልኝ።

"ነይ ላጪ" አሉኝ ቢላዋ እያቀበሉኝ። "የሀገርሽ ድንች ነው፤ እንዳንቺው ድምፅ የለው። በይ ንገሪኝ፣ ሰውዬውን ምን ብለሽ ነው ያስኮረፍሽው? ከማክሰኞ ጀምሮ እህሉን ገፍቶ ይነሣል።"

"ምንም አላልኩም እትዬ። የመቀሱን መደብ ነው የነገርኳቸው። ዝቅተኛ መደብ ነው አልኩ።"

የእትዬ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ። "ዝቅተኛ መደብ? በዚሁ አፍሽ? ለሱ?"

"ለመቀሱ ነው እኮ።"

"መደብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ምድብ ማለት… ክፍል…"

"እሱ የቢሮው ነው። እኔ የምልሽ ከጭቃ የሚሠራውን ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጡበትን።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"አታውቂውም" አሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "አባቱ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ በኩል ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻው የሳቸው፣ ማጭዱ የሳቸው። ያ ሁሉ ፈረስ ለሰርግና ለበዓል አጊጦ ሲሰለፍ የሚነክሰው ልጓም የሳቸው እጅ ሥራ ነው። ሰርግ ቤት ሲጠሩ ግን ፈረሰኛው ከላይ ካለው መደብ ይቀመጣል፤ እሳቸው ከበሩ ኋላ ካለችው ዝቅተኛ መደብ። የሚበሉት ለብቻ፣ በቅጠል። ዕቃው እንዳይነካ። እሱም ልጅ ሆኖ አጠገባቸው ተቀምጧል።" ልጣጩን ከጉልበታቸው አራገፉ። "እንግዲህ አንቺ መጥተሽ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘሽ፣ ዝቅተኛ መደብ ነው ፈርምበት አልሽው።"

ድንቹን እየላጥኩ ስለኛ ቤት አሰብኩ። አያቶቼ ቤት እንዲህ ዓይነት የበር ኋላ መደብ ይኑር አይኑር ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ሳልጠይቅ የቀረሁት መልሱን ስለምገምተው ይመስለኛል።

"ለምን ነበር ግን?" አልኩ። "ከሳቸው ምን ያገኘናል ብለው ነው?"

"ይፈሯቸው ነበራ! ዓይናቸውን። እናት ሳትቀር ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች እሳቸው ሲያልፉ። ይፈሯቸዋል፣ ስለሚፈሯቸው ዝቅ ያደርጓቸዋል።" ድንቹን ከእጄ ነጠቁኝ። "ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልሽው እኮ! መሐንዲስ ተብለሽ!"

ምሳ ተበላ። ጋሼ ሞርሳው ላይ መቀስ አስረው በሞረድ ያለሰልሱ ነበር። መብራት ነበር፤ ግን ግራይንደሩን የያዘው ልጅ ገና ምሳውን አልጨረሰም። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። አያዩኝም፤ ሞረዱ ይሄዳል ይመለሳል። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። ሁሉም ጠፋኝ።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ዝቅተኛ የተባለው ስጋቱ ነው።"

ሞረዱ አልቆመም። "ስጋት ምንድን ነው?"

"ፍርሃት ነው። ይህ ነገር ሰው ይጎዳ ይሆን ብሎ መፍራት።"

"የሚፈራው ማን ነው?"

"መንግሥት… ተቆጣጣሪው።"

"መንግሥት መቀሴን ይፈራል?"

"ትንሽ ነው የሚፈራው። በጣም ትንሽ። እሱን ነው ዝቅተኛ የሚሉት።"

ሞረዱ ቆመ።

"የልብና የአንጎል ነው ካልን ግን በጣም ይፈራዋል" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም ፈራሁ። "አራተኛው መደብ ማለት ከሁሉ የበለጠ የሚፈራ ማለት ነው እንጂ ከሁሉ የበለጠ የተከበረ ማለት አይደለም። እዚያ ያለው ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ሲገባ ይፈተሻል፣ ሲወጣ ይፈተሻል። መቀስዎን ግን ይግባ፣ ቤተኛ ነው ይሉታል። በርግጥ ንጹሕ መሆን አለበት፤ መዛግም የለበትም፤ እሱን ያያሉ። ግን አይፈሩትም።"

ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ መቀሱን ከሞርሳው ፈቱት። ከፈቱት፤ ዘጉት። ከፈቱት፤ ዘጉት።

"አባቴን ይፈሩት ነበር" አሉ።

እትዬ እንደነገሩኝ አልተናገርኩም።

"በጣም ነበር የሚፈሩት። ብረቱን ይወስዳሉ፣ እሱን ይፈራሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ከእጁ ማጭድ ስትቀበል እጁ እንዳይነካት መሬት ላይ አስቀምጠው ብላዋለች። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩላት።" መቀሱን ወደ ብርሃኑ አነሡት። "እስኪ እንደገና በይው። መሐሉን ጮክ አድርጊና።"

"ዝቅተኛ *የስጋት* መደብ።"

"ከዚህ ሰው እጅ የወጣው ብረት አያሰጋም ማለት ነው?"

"ብዙም አያሰጋም ማለት ነው" አልኩ። ጠንቃቃ ነኝ።

"ብዙም። እሺ፣ ብዙም ይሁን። ይህንን በጽሑፍ ይሰጡኛል?"

"ምዝገባው ካለፈ ይሰጣሉ።"

"ማኅተም አለው?"

"አለው ጋሼ።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። "እናንተ ሰዎች!" ብለው ተጣሩ። ሠራተኞቹ ወጥ የነካ ጣታቸውን እየላሱ መጡ። "ስሙ! መንግሥት እኔን አይፈራኝም! ሊጽፍልኝ ነው!"

በያጁ ግራ ገባው። "ይህማ መች ጥሩ ሆነ? ሰው ካልተፈራ…"

"አንተ ምን ታውቃለህ! ሰው የሚፈራው አባት አልነበረህ።" ገጹን አስመጡ። ልብና አንጎል ያሉትን በሁለት መስመር ሰረዙት። "ልብና አንጎል ይቅርብኝ። የሰው ልብ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ሆዱ ይበቃኛል።"

እትዬ በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። "ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ሦስት ቀን እህሌን የገፋኸው?" አሉ። "እኔን ብትጠይቀኝ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። አንተን እንኳን መንግሥት ድመቷም አትፈራህም። ወጥ ውስጥ አፏን ስትከት እሽ ስትላት ዞራ ታይሃለች።"

"ዝቅተኛ ስጋት ነኛ!" አሉ ጋሼ በኩራት።

እኔ ሮጬ ገጹን በንጹሕ አሳተምኩት። ጋሼ ዘለግ ላለ ጊዜ ጎንበስ ብለው ሲፈርሙ አየሁ። ይህን ያህል የሚረዝም ፊርማ የላቸውም ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ደስታ ነው አልኩ። አጥፈው በፖስታ አድርገው ሰጡኝ፤ እኔም ነገ በጠዋት እልከዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ጠዋት ኔትወርክ ሳይጨናነቅ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ዳንግላ ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ የባጃጆቹ ድምፅ እንጂ ራሳቸው አይታዩም ነበር። ገጹን ስካን ለማድረግ ስዘረጋው ከፊርማው በታች በብዕር የተጻፈ መስመር አየሁ፦ "ዝቅተኛ የተባለው ስጋቱ ነው፤ ሰውየው አይደለም።"

ሳቅሁ፤ ከዚያ ደነገጥኩ። የማመልከቻው መመሪያ በእጅ የተጨመረ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ተቀባይነት የለውም ይላል። ይመለሳል ማለት ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው። ሌላ ኮፒ አትሜ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈቀደው።"

አዩኝ። "ያቺ ቃልስ?"

"ቦታ እፈልግላታለሁ።"

የበሩን ብረት ተደግፈው ፈረሙ፤ በሩን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ለወረቀት ግን አይመችም፣ ፊርማው ተንቀጠቀጠ። አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ቦታ እፈልግላታለሁ ያልኩት ከአፌ አምልጦኝ እንደሆነ ያወቁ መሰለኝ። የት እንደማስገባት እኔም ገና አላወቅሁም ነበር።

ተመልሼ ማመልከቻውን ከፈትኩ። ገጹን አስገባሁ። ከአራቱ መደቦች የመጀመሪያውን መረጥኩ። "የሚያገለግለው" በሚለው ላይ "ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና" ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከመላኪያው ቁልፍ በላይ፣ ሌላ የሚገለጽ ነገር ካለ የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን አለ። ሰው ሁሉ ባዶውን ነው የሚያልፈው፤ የሚያነበው ያለም አይመስለኝም። ቅጹ በሙሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛውን ይተፋዋል ብዬ ሰጋሁ። የጋሼን መስመር ፊደል ሳልቀንስ ጻፍኩት። ተቀበለው።

አንዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ ላክሁት።